ሳይጠየቅ ያለፈ ዋንዛ

በሕይወቴ አንድ ሕገ ወጥ ግንድ ተሸክሜያለሁ። የተሸከምሁትም በጠራራ ፀሐይ፣ በመንደር መሀል፣ ጀርባው ላይ «ገለልተኛ ታዛቢ» ተብሎ በትልልቅ ፊደል የተጻፈበትን አረንጓዴ ሰደርያዬን ለብሼ ነው። ምናለ ሰደርያዋን እንኳ ባወልቃት ኖሮ እያልሁ እስከ ዛሬ በራሴ እስቃለሁ።

ሥራዬን ላስረዳ። ማስረዳቱ ራሱ የሥራዬ ግማሽ ስለሆነ ለምጄዋለሁ። በጎጃም ደጋ ባህር ዛፍ የገበሬው ሀብት ነው፤ ቋሚ፣ ማገርና አጠና እየሆነ በአይሱዙ ተጭኖ በደጀን በኩል ዓባይን ይሻገራል። ዋንዛ፣ ወይራ፣ ጽድና ዝግባ ግን አገር በቀል ናቸውና በገዛ ጓሮ ቢበቅሉ እንኳ ያለ ፈቃድ አይቆረጡም። እንጨት የሚጭን ሰው የይለፍ ወረቀት ይይዛል። ወረቀቱ ላይ የዛፉ ዓይነት፣ ብዛቱና የመጣበት ቀበሌ ይጻፋል። የኬላ ሠራተኞች ወረቀቱን ከጭነቱ ጋር ያመሳክራሉ። እኔ ደግሞ እነሱ ማመሳከራቸውን አያለሁ። የመንግሥት ሰው አይደለሁም፣ የነጋዴም ሰው አይደለሁም። መያዝ አልችልም፣ መቅጣት አልችልም፣ የኬላውን ገመድ መዘርጋትም ሆነ መልቀቅ የእኔ ሥልጣን አይደለም። አያለሁ፣ እጠይቃለሁ፣ እጽፋለሁ። የጻፍሁትን በወር በወር ለቀጠረኝ ድርጅትና ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እልካለሁ። በቃ ይኸው ነው።

ለመንደሬ ሰዎች ግን ይህ «በቃ» የሚባል ነገር አልነበረም። ታዛቢ ሲባል የሚያውቁት የምርጫ ታዛቢን ነው። ሰደርያዋን ለብሼ መጀመሪያ የሄድሁ ቀን አንድ ጎረቤታችን የሆኑ ሽማግሌ ጽሑፉን አስነበቡና፣

«ምርጫው መቼ ነው?» አሉኝ።

«ምርጫ የለም አባባ። እኔ የምታዘበው እንጨት ነው።»

ትንሽ አሰቡበት። «እንጨቱ ማንን ሊመርጥ ነው?» ብለው ሄዱ።

ከሁሉም የባሱብኝ ግን አክስቴ ናቸው። አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ የሚኖሩት ከይጁቤ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ነው። ልጅ አልወለዱም። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። እኔን ከእናቴ እኩል አሳድገውኛል፤ ከእናቴ እኩል ቆንጥጠውኛልም። እናቴ ከሞተች በኋላ ደግሞ የሁለቱንም ድርሻ ብቻቸውን ይዘውታል። ሥራዬን ሲሰሙ ተመቻችተው ተቀመጡና እንደ ዳኛ ይመረምሩኝ ጀመር።

«ሌባውን ታየዋለህ?»

«አየዋለሁ እትዬ።»

«ትይዘዋለህ?»

«አልይዘውም።»

«ትጮኻለህ?»

«አልጮኽም። እጽፋለሁ።»

«ድመቴም እንደዚያው ናት» አሉ። «አይጧን አተኩራ ታያታለች። ብቻ መጻፍ አልተማረችም።»

ከዚያ በኋላ ስልክ በደወሉልኝ ቁጥር «ድመቴ ሰላም ብላሃለች» ሳይሉ አይዘጉም ነበር።

ወደ ግንዱ ልመለስ። በአክስቴ ጓሮ ጥግ ላይ ባላቸው የተከሉት አንድ ዋንዛ ነበር። ግንዱ ቀጥ ያለ፣ ለሁለት ሰው እቅፍ የሚበቃ ትልቅ ዛፍ ነው። ባላቸው በሕይወት ሳሉ ቀፎ የሚሰቅሉበት አንድ የብረት ሜንጦ መትተውበት ነበር። ተማሪ ሳለሁ ከትምህርት ቤት ስመለስ የደብተር ቦርሳዬን የማንጠለጥለው እዚያ ላይ ነው። ጫፉ ወደ ግራ እንደ ጣት የታጠፈ ስለነበር ቦርሳዬን ባነሣሁ ቁጥር ማንገቻውን ይይዝብኝ ነበር። ዛፉ እየወፈረ ሲሄድ ብረቱን ቀስ በቀስ ዋጠው፤ በመጨረሻ ከውጭ የሚታይ ነገር አልቀረም። እኔም ረሳሁት።

አንድ እሑድ አክስቴ ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዙን ጠርተው ዋንዛውን ለእመቤታችን ሰጠሁ አሉ። ለሴቶች መግቢያ በር ይሁን ብለው ነው። አሮጌው በር ከሥሩ በስብሶ፣ በቅዳሴ መሀል ዶሮ እየሾለከች እስከ መግባት ደርሳ ነበር። ስለት እንዳለባቸው ከአንድም ሁለት ጊዜ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። የምን ስለት እንደሆነ አልጠየቅሁም። በዕድሜ የገፋች ሴት ስለት አለብኝ ስትል ማን ምን ብሎ ይጠይቃል? ዛፉ በተቆረጠ ማግስት ስልክ ደወሉልኝ።

«ነገ ግንዱ ይወጣል። ና፣ አንድ ትከሻም ቢሆን ትከሻ ነው። ያቺን ሰደርያህንም ልበሳት፤ ታምርብሃለች።»

እንግዲህ ሰደርያዋን የለበስሁት በትእዛዝ ነው። ይህንን ለመከላከያ ያህል ነው የምጽፈው።

በእኛ አገር እንጨት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሥርዓት አለው። ጫፉ ላይ ነጭ ነጠላ ይታሰራል። የተቀመጠ ይነሣል፣ ባርኔጣ ያደረገ ያወልቃል፣ መንገደኛው ጉዳዩን ትቶ ለጥቂት እርምጃም ቢሆን ትከሻውን ያስገባል፤ በረከት ነውና። ማን ቆረጠው፣ ከየት መጣ፣ ወረቀት አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ለቀብር የሚሄዱ ሰዎችን አስቁሞ የሟቹን መታወቂያ አምጡ እንደማለት ያለ ነውር ነው። እኔም እንደ አገሬ ሰው ነጠላውን ሳይ ተሳለምሁ፣ ግንዱን በእጄ ነክቼ ግንባሬን ነካሁ፣ ትከሻዬን አስገባሁ። በዓመቱ ውስጥ ስንቱን ሰው «ፈቃድህን አሳየኝ» ስል የከረምሁት ሰውዬ፣ ያን ቀን ፈቃድ የሚባል ቃል ከነመኖሩም ትዝ አላለኝም።

ግንዱን ተሸክመን እስከ መኪና መንገዱ አደረስነው። እዚያ አንድ አይሱዙ ቆሟል። መኪናው የአንድ እንጨት ነጋዴ ነው። ሰውየው ጾም የማይገድፍ፣ በክብረ በዓል ከፊት የማይጠፋ፣ ሲያወሩት እጁን ደረቱ ላይ የሚያደርግ ሰው ነው። ግንዱን በነጻ ደብረ ማርቆስ ወስዶ አሰንጥቆ፣ ጣውላውን በነጻ ሊመልስ ለቄሰ ገበዙ ቃል ገብቶላቸዋል። መኪናው ቀድሞ ሌላ ጭነት ይዟል፤ ጭነቱ በሸራ ተሸፍኗል። የአክስቴን ግንድ ከሸራው በላይ አስተኛነው፤ ነጠላው ወደ ፊት እንዲታይ ሆኖ ተስተካከለ። ነጋዴው «ወንድሜ በእግር ምን ያደክምሃል» ብሎ ጋቢና አስገባኝ። የመቀመጫውን አቧራ በእጁ ጠረገልኝ። እንዲህ ያለ ሰው አክባሪ ነጋዴ በመኖሩ ደስ አለኝ።

እኔ የምታዘብበት ኬላ ዘንድ ስንደርስ ገመዱ ከሩቅ ወረደልን። ሠራተኞቹ ነጠላውን አይተው ተነሡ፣ አማተቡ። አንደኛው እንዲያውም ሮጦ መጥቶ ግንዱን ዳስሶ እጁን ሳመ። እኔንም ጋቢና ውስጥ ሲያዩኝ እጅ ነሡኝ። ሸራው ሥር ምን እንዳለ ማንም አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም። ማስታወሻ ደብተሬ አሁንም አለኝ፤ የዚያን ቀን ገጽ ላይ በእጄ እንዲህ ተጽፏል፦ «በዕለቱ ያልተለመደ ነገር አልታየም።»

ከዚያ ወራት አለፉ። ነጋዴው መጀመሪያ እንጨቱ አልደረቀም አለ። ቀጥሎ ክረምት ገባ አለ። ከክረምት በኋላ መንገድ ተዘጋ አለ። መንገዱ በእርግጥ ይዘጋም ይከፈትም ስለነበር እሱን ውሸት ማለት አይቻልም። ቄሰ ገበዙ ሰው ማመን የሚወዱ ሰው ናቸውና «ይመጣል» እያሉ ጠበቁ። አክስቴ ግን በዚያ ዓመት አረጁ። እግራቸው እምቢ ይላቸው ጀመር፤ ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ሁለት ቦታ ማረፍ ግድ ሆነባቸው። ድመቷን ትተው ስለ በሩ ብቻ የሚጠይቁ ሆኑ።

«በሩስ?»

«አልደረሰም እትዬ።»

«በሩ ተገጥሞ፣ በሱ ገብቼ ሳልሳለም አልሞትም ብያለሁ» አሉኝ አንድ ቀን። «እናንተ ደግሞ ብዙ ዘመን ልታቆዩኝ ያሰባችሁ ይመስላል።»

እየሳቁ ነው ያሉት፤ ግን ዓይናቸው አልሳቀም። ያን ቀን ነገሩ አሳሰበኝ። የሚያሳስብ ነገር ሲገጥመኝ እንደማደርገው፣ ነጋዴውን ስልክ ደውዬ አነጋገርሁትና የነገረኝን አመንሁ።

ከሥራዬ አንዱ ክፍል እንጨት ሥራ ቤቶችን እየዞሩ ማየት ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ጓደኝነት ያለንን የእንጨት ሥራ ቤት ባለቤት ልጎበኝ ገባሁ። እንደ ወትሮው ወንበር ሰጠኝ፣ የወረቀቶቹን ፋይል አስቀመጠልኝ። በወረቀት ከሄድን ደብረ ማርቆስ የሚገባው እንጨት በሙሉ ባህር ዛፍ ነው። አልጋው ባህር ዛፍ፣ ሶፋው ባህር ዛፍ፣ የሙሽራ ቁም ሣጥኑ ባህር ዛፍ። እያገላበጥሁ ሳለ ከውስጥ የመጋዙ ሠራተኛ ተናዶ ወጣ።

«አንተ የእንጨት ሰው አይደለህ? እስቲ ንገረኝ። ባህር ዛፍ ሆዱ ውስጥ ብረት ያበቅላል?»

በአንድ እጁ ጥርሱ የረገፈ የመጋዝ ምላጭ፣ በሌላው አንድ ጣውላ ይዟል። ጣውላውን እግሬ ሥር አስቀመጠው። መልኩ የዋንዛ ነው። መሀሉ ላይ ዝገት የበላው ብረት ተጋድሟል፤ ጫፉ ወደ ግራ እንደ ጣት ታጥፏል።

ጎንበስ ብዬ በጣቴ ነካሁት። ሠላሳ ዓመት ያህል ያላየሁት ብረት ነው፤ ግን የቦርሳዬ ማንገቻ ሲያዝ የሚሰማኝ ብስጭት እንኳ ተመልሶ መጣ። የቀሩት ጣውላዎች የት እንዳሉ ጠየቅሁ። ባለቤቱ ኮርቶ ወደ ጓዳ ወሰደኝና አሳየኝ። ለአንድ ሠርግ የታዘዘ ቡፌ እየሠሩበት ነው። ሁለቱ የፊት ሳንቃዎች አልቀዋል፤ በላያቸው ላይ የወይን ዘለላ ተቀርጾባቸዋል። ቆንጆ ቅርጽ ነው፤ አልዋሽም። እንጨቱን የሸጠለት ማን እንደሆነ ስጠይቀው እጁን ደረቱ ላይ የሚያደርገውን ነጋዴ ስም ጠራልኝ። ወረቀቱንም አሳየኝ። ባህር ዛፍ ይላል።

ለነጋዴው እዚያው ቆሜ ደወልሁለት። መጀመሪያ «ለእማማ ከዚያ የተሻለ ዋንዛ ላመጣላቸው አስቤ ነው» አለኝ። ሪፖርት እንደማደርግ ስነግረው ድምፁን ሳይለውጥ፣ በዚያው በትሕትናው፣

«ወንድሜ፣ ስትጽፍ እንግዲህ ሁሉንም ጻፍ» አለ። «ከሸራው ሥር ወይራና ጽድ ነበር። ኬላውን ስናልፍ ጋቢና ውስጥ ከጎኔ የነበረው ማን ነው? ያቺ ሰደርያ ባትኖር እኔ በዚያ መንገድ ባልደፈርሁ።»

ስልኩን ዘጋሁ። አፈርሁ፤ ሌላ ቃል የለውም።

የምንሞላው ቅጽ አለ። የዛፉ ዓይነት፣ የተቆረጠበት ቦታ፣ የቆረጠው ሰው፣ ፈቃድ፣ ያጓጓዘው ሰው፣ የተቆረጠበት ምክንያት የሚሉ ክፍት ቦታዎች አሉት። ስለ ነጋዴው የሚሞላውን በቀላሉ ሞላሁት። ስለ ራሴ የሚጻፈውን እያፈርሁ ሞላሁት፤ «ግንዱን ከተሸከሙት አንዱ ታዛቢው ነው፤ ሰደርያውን እንደ ለበሰ ከጭነቱ ጋር ኬላውን ያለፈውም እሱ ነው» ብዬ ጻፍሁ። «የቆረጠው ሰው» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ያ ዛፍ ያለ ፈቃድ ነው የተቆረጠው። ሕገ ወጥነቱ የጀመረው ነጋዴው ጋ ሳይሆን አክስቴ ጓሮ ነው። በእርሳስ «ያልታወቀ» ብዬ ጻፍሁ። አጠፋሁት። ደግሜ ጻፍሁት። በወር በወር ሪፖርቴ ላይ «የኬላው ሠራተኞች የሚያውቁትን ሰው አሳለፉ» እያልሁ ስንቱን ሰው ሳሳጣ ኖሬያለሁ።

በነጋታው በሚኒባስ ይጁቤ ወርጄ አክስቴ ዘንድ ሄድሁ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የድንች ዘር ይለቅማሉ። ሁሉንም ነገርኋቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ቡፌ?» አሉ በመጨረሻ።

«ቡፌ።»

«ለእመቤቴ በር ያልሁትን ብርጭቆ ሊደረድሩበት?»

«እትዬ፣ ሌላም ነገር አለ። ዛፉን ሲያስቆርጡ ፈቃድ አላወጡም።»

«ለእግዚአብሔር ስሰጥ ቀበሌውን ላስፈቅድ?»

«ቢጠይቁ ኖሮ ይፈቅዱልዎ ነበር። ሕጉ ለሁሉም ነው።»

አንድ ድንች አገላብጠው አዩና ወደ ጎን ጣሉት። «አንተ ጠያቂው ሰውዬ መጥተህ አልነበር? ያንጊዜ ለምን አልጠየቅኸኝም?»

ቅጹን አወጣሁ። ከእጄ ተቀበሉኝ። ማንበብ አይችሉም፤ ግን እንደሚያነብ ሰው ራቅ አድርገው አዩት።

«ማን ቆረጠው በሚለው ላይ ምን አልህ?»

«ያልታወቀ ብዬ...»

«ያልታወቀ?» አክስቴ ተቆጡ፤ የእውነት ቁጣ ነው፣ ከልጅነቴ ወዲህ አይቼው አላውቅም። «እኔ ነኝ ያልታወቅሁ? ተደብቄ ነው እንዴ የሰጠሁት? ደብሩ በሙሉ እልል ብሎልኝ? ጻፈኝ።»

«ሊከሱዎ ይችላሉ።»

«ይክሰሱኛ። እኔን ዘለህ እሱን ብትጽፍ፣ እሱን ነጠላ አይተው ካሳለፉት ሰዎች በምን ትሻላለህ? በል፣ እዚሁ፣ እኔ እያየሁ ጻፍ። እርሳሱን ተወው፣ በእስክሪብቶ።»

ጻፍሁ። የመጨረሻው ክፍት ቦታ ላይ፣ «የተቆረጠበት ምክንያት» በሚለው፣ «ስለት» ብዬ አለፍሁ። እንደገናም አልጠየቅሁም።

የድርጅታችን ኃላፊ ሪፖርቱን አንብቦ ደወለልኝ። «እውነት ሰደርያዋን ለብሰህ ነበር?» አለኝ። ለብሼ ነበር አልሁት። «ሰደርያዋን እንኳ ባትጽፋት ምን ነበረበት?» አለና ወዲያው ራሱ ሳቀ። ከዚያ ኬላ አነሣኝና ወደ ደጀን መንገድ አዛወረኝ። የጭነት መኪና በሚርመሰመስበት በዚያ አቧራ መቀመጥ ቅጣት ነው አላለኝም፤ ሹመት ነውም አላለኝም።

ጣውላዎቹ ተይዘው ወረዳው ግቢ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ተደረደሩ። የቡፌው ሳንቃዎችም አብረው ነበሩ። ለማጣራቱ በተቀጠረው ቀን አክስቴን በባጃጅ አመጣኋቸው። አዲሱን ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፤ ክስ ሳይሆን ማኅበር የሚሄዱ ይመስላሉ። ቄሰ ገበዙም መጡ። ነጋዴው ቀድሞን ደርሶ ለሁላችንም ብድግ አለ፤ እጁ ደረቱ ላይ ነው።

ጉዳዩን ይዛ ቢሮዋ ያስገባችን የወረዳው የደን ባለሙያ ነገር የማታስረዝም ወጣት ሴት ናት። ነጋዴው እንጨቱ ከሌላ ቦታ የተገዛ ነው ብሎ ተከራከረ። ባለሙያዋ ሪፖርቱን ገልጣ ስለ ሜንጦው የጻፍሁትን አነበበች፤ ጣውላውን አስመጥታ ብረቱን አየች። ከዚያ ወደ አክስቴ ዞረች።

«እናቴ፣ ዛፉን ያለ ፈቃድ ያስቆረጡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ተጽፏል አይደል?»

«ተጽፏል። ባይጻፍ ኖሮ» አለች ባለሙያዋ ወደ እኔም እያየች፣ «ባለቤቱ ያልታወቀ እንጨት እንደሌላው ሁሉ ለሐራጅ ይቀርብ ነበር። አሁን ግን የማን እንደሆነና ለምን እንደተሰጠ መዝገብ አለው።»

ወለሉን አየሁ። ያ እርሳስ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነበር።

«አንድ የጎደለ ነገር አለ» ብላ ቀጠለች። «ምክንያት የሚለው ላይ ስለት ብቻ ነው የሚለው። የምን ስለት ነው?»

«እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል?» አሉ አክስቴ።

«ለመዝገቡ ነው እናቴ።»

አክስቴ በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «እሱ ነዋ።»

ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁላችንም ዞርን፤ እኔም ሳላስበው ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ። ከኋላዬ ማንም አልነበረም።

«ኩፍኝ የገባ ዓመት ነው» አሉ። «ይህ ልጅ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ እሱንም ያዘው። በዚያ ሳምንት ከመንደራችን ልጅ ያልተቀበረበት ቀን የለም። እናቱ ጃንጥላ ተሳለች፤ ሲድን ስለቷን አገባች። እኔ የምሰጠው አልነበረኝም። ባሌ በዚያው ሰሞን የተከላት አንዲት ዋንዛ ነበረች፤ ቁመቷ ክንድ አይሞላም። እመቤቴ፣ ይህን ልጅ ብታተርፊው ይህችን ለበርሽ እሰጣለሁ አልሁ። እንግዲህ ለበር እስክትደርስ መጠበቅ ነው። በየዓመቱ እለካት ነበር። መጀመሪያ በጣቴ፣ ኋላ በእቅፌ። ኋላም እጄ አልገናኝ ሲል፣ ደረሰች አልሁ።»

ጃንጥላውን አውቃለሁ። በእያንዳንዱ ጥምቀት እናቴ «ያንተ ጃንጥላ» እያለች ታሳየኝ ነበር፤ ነገሩ በዚያ ያለቀ መስሎኝ ነው የኖርሁት። ቦርሳዬን እያንጠለጠልሁበት ያደግሁት ዛፍ የእኔ ስለት መሆኑን ግን ማንም አልነገረኝም።

«እትዬ» አልሁ። «ለምን አልነገሩኝም?»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ባለሙያዋ ወደ ውሳኔው አለፈች። አክስቴ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው፤ በጓሯቸው አገር በቀል ችግኝ ተክለው እንዲያሳድጉም ተወሰነ። ጣውላው ፈቃድ ተሠርቶለት ለደብሩ ይሰጥ ተባለ። የነጋዴው ጉዳይ ለብቻው ይታያል ተብሎ ተቀጠረ፤ እስካሁንም እየተቀጠረ ነው። ከዚያ ባለሙያዋ ቅጹን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «ሪፖርቱ ያንተ ነው። አሟላው» አለችኝ።

«ስለት» ከሚለው ቃል ጎን ጻፍሁ። ተቀብላ አነበበችው፤ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘችው።

«ገለልተኛ ታዛቢ ነው ብለው ነበር የላኩህ?» አለች።

በሩ ተሠርቶ የመጣው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። የቡፌው ሳንቃዎች ስለሚያስፈልጉ ከነቅርጻቸው ገብተዋል፤ የሴቶች መግቢያ በር ላይ የወይን ዘለላ ታያላችሁ። ቄሰ ገበዙ ወይን በመጽሐፍም ያለ ነው ብለው ጉዳዩን ዘጉት። ሜንጦው ያለበትን ጣውላ አናጺው ሊጥለው ነበር፤ አክስቴ እሱ ካልገባ በሩ አይገጠምም ብለው ግራው ሳንቃ ላይ፣ እጅ በሚደርስበት ቦታ አስገቡት።

አንድ መኪና በሩን መንገድ ዳር አወረደልን። ነጭ ነጠላ ታሰረበት። የተቀመጠው ተነሣ፣ ባርኔጣው ወለቀ፣ ወንዶቹ ዙሪያውን ከበው ትከሻቸውን ሊያስገቡ ጎንበስ አሉ። እኔም እንደዚያኛው ቀን ሰደርያዬን ለብሼ ጎንበስ ካልሁ በኋላ ቀና አልሁ።

«ወረቀቱስ?» አልሁ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንድ ሰው «አሁንስ በዛ» ሲል ሰማሁ። እኒያ የምርጫውን ቀን የጠየቁኝ ሽማግሌ አንገታቸውን ነቀነቁ። አክስቴ ግን በትራቸውን ለጎረቤት ሴት አስያዙና መቀነታቸውን መፍታት ጀመሩ። ጊዜ ወሰደባቸው፤ ማንም አላጣደፋቸውም። በመጨረሻ በአራት የታጠፈ፣ ማኅተም ያለበት የቅጹን ቅጂ አወጡና በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

«ጮክ ብለህ አንብባት» አሉ። «እኔ የት ጋ እንዳለሁ ልስማ።»

የዛፉን ዓይነት አነበብሁ። የቆረጠውን ሰው አነበብሁ፤ ስማቸው ሲጠራ እንደ ማኅበር አባል «አለሁ» አሉ። ከዚያ ከታች፣ ምክንያት በሚለው ቦታ፣ የራሴን የእጅ ጽሑፍ አገኘሁ፦ «ስለት። ታዛቢው በሕፃንነቱ ከሞት እንዲተርፍ።» እሱን ጮክ ብዬ ለማንበብ ሦስት ጊዜ መጀመር ነበረብኝ።

ወረቀቱን አጥፌ መለስሁላቸው፤ ሰደርያዬንም አውልቄ አስያዝኋቸው። ከዚያ ትከሻዬን አስገባሁ።